ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላ የሚቆጠረው ቸልተኝነት

በኒውዮርክ ሕግ ውስጥ ለጆሮ ግር የሚል ቃል አለ። "ዘላቂ ቸልተኝነት" ይባላል። ሰምቶ የሚያልፍ ሰው "ልጇን ለዓመታት የበደለች እናት ማለት ነው" ብሎ ይገምታል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። ቸልተኝነቱ መቆጠር የሚጀምረው ልጁ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ፎስተር ኬር፣ ማለትም መንግሥት ልጁን በጊዜያዊነት በሌላ ሰው ቤት የሚያኖርበት ሥርዓት ውስጥ፣ ከገባ በኋላ ነው። ልጁን የሚያበላው ሌላ ሰው ነው። ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም ሌላ ሰው ነው። እናትየዋ ግን በዚያው ጊዜ ልጇን ችላ ብላለች ተብላ ልትከሰስ ትችላለች። በመጨረሻም እናትነቷን በሕግ ልታጣ ትችላለች።

ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የፈለግኩት፣ እኛ ሀበሾች ስለ ልጅ መወሰድ ስናወራ ወሬው ልጁ በተወሰደበት ቀን ስለሚያልቅ ነው። "ፖሊስ መጣ፣ ልጆቹን ወሰዷቸው" ይባላል። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዚያ ዝም ይባላል። ነገሩ የሚወሰነው ግን ብዙ ጊዜ በዚያች ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። እነዚያን ወራት ደግሞ ብዙ ወላጅ በድንጋጤ፣ በሐፍረትና በጥበቃ ያሳልፋቸዋል።

ኒውዮርክን የመረጥኩት ሕጉ በግልጽ ስለተጻፈና የአገሪቱ ትልቁ የፍርድ ውሳኔም ከዚያ ስለመጣ ነው። ሌሎች ክፍለ ግዛቶች በቃላትና በቀናት ይለያያሉ። አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ እንዲህ ይላል። አንድ ልጅ በኤጀንሲ (የፎስተር ኬር ጉዳዮችን በሚይዝ ተቋም) እጅ ከገባ በኋላ፣ ወላጁ ቢያንስ ለ1 ዓመት ወይም ካለፉት 22 ወራት ውስጥ ለ15ቱ ከልጁ ጋር ግንኙነት ካልጠበቀ፣ ወይም ስለ ልጁ የወደፊት ሕይወት ካላቀደ፣ ዘላቂ ቸልተኝነት አለ። "ወይም" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ልጇን በየሳምንቱ እየሄደች የምታይ እናትም ዕቅዱን ካላሟላች ልትሸነፍ ትችላለች። ሌሎች ሁለት ነገሮችም አብረው መረጋገጥ አለባቸው። ወላጁ በአካልም በገንዘብም ይህን ማድረግ ይችል ነበር? ኤጀንሲውስ ቤተሰቡን መልሶ ለማገናኘት በትጋት ጥሯል? ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እመለስበታለሁ። የወላጆች ጠበቆች ትልቁ መከራከሪያ እሱ ነው።

15 እና 22 የሚሉት ቁጥሮች በመላው አሜሪካ የሚሠሩ ናቸው። የመጡት ፕሬዝዳንት ክሊንተን በኅዳር 1997 ከፈረሙት የፌዴራል ሕግ ነው። ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር ካሳለፈ፣ ክፍለ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ክስ መመሥረት አለበት ይላል። ሕጉ የወጣው በጊዜው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ልጆች በፎስተር ኬር ስለነበሩ ነው። ብዙዎቹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ያድጉ ነበር። ወደ እናታቸው አይመለሱም፣ የሚያሳድጋቸውም ቋሚ ሰው የለም። የሦስት ዓመት ሕፃን ሁለት ዓመት ሲጠብቅ አብዛኛውን ዕድሜውን ጠበቀ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ አልንቀውም። በእውነት የተጎዱ፣ ቢመለሱ ሕይወታቸው የሚያልፍ ልጆች አሉ። እነሱን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው።

ሰዓቱ ግን የሚቆጥረው ለእነሱ ብቻ አይደለም። በ2022 የበጀት ዓመት መጨረሻ ላይ በአሜሪካ 368 ሺህ ገደማ ልጆች በፎስተር ኬር ነበሩ። ከቤት ከሚወጡት ከ10 ልጆች ውስጥ የ6ቱ ገደማ መዝገብ ላይ ምክንያቱ "ቸልተኝነት" ተብሎ ተጽፏል። አካላዊ ጥቃት የተመዘገበው ከ10 ለአንዱ ገደማ ነው። ቸልተኝነት የሚለው ቃል ደግሞ ሰፊ ነው። ሕፃን በረሃብ የሚቀጣ ሰውም እዚያ ይገባል። ሞግዚት ስላጣች ልጇን ቤት ቆልፋ ሥራ የሄደች እናትም እዚያ ትገባለች። የኒውዮርክ ሕግ ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ባለመሟላቱ ወላጅ ቸልተኛ የሚባለው አቅም እያለው፣ ወይም እርዳታ ቀርቦለት እምቢ ካለ ነው ይላል። ድህነት ብቻውን ጥፋት እንዳይሆን ታስቦ የገባ ሐረግ ነው። በኑሮ ግን ድህነትና ቸልተኝነት ከሩቅ ለሚያያቸው ይመሳሰላሉ።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። እውነተኛ ሰው አይደለችም። ግን ሁላችንም የምናውቃትን ትመስላለች። ብሮንክስ ትኖራለች። ሌሊት ሌሊት አዛውንት ትንከባከባለች። የስምንት ዓመት ልጅ አላት። ልጁን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ ቤት ለቀቀች። ለጥቂት ሌሊት ብቻውን አስተኝታው ሄደች። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ተናገረ። አስተማሪዋ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባት ደወለች። ልጁ ተወሰደ።

ዳኛው ፊት ቀረበች። ልጇ የሚመለስበት ዕቅድ ተሰጣት። የወላጅነት ኮርስ ትወስዳለች። የልጅ ጥበቃ ታመቻቻለች። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኤጀንሲው ቢሮ ሄዳ ልጇን ታያለች። በወረቀት ላይ ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ረቡዕ ልጁ ሲለያዩ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ደገመው። አንዲት የምታምናት ወዳጇ "እስኪለምድ ትንሽ ተይው እንጂ፣ ባየሽ ቁጥር ይረበሻል" አለቻት። ከአገራችን የመጣ የርኅራኄ ምክር ነው። ልጅ ጡት ሲጥልም እናት ዘወር ትላለች። እሷም ሁለት ሳምንት ቀረች። ከዚያ አንድ ረቡዕ አሠሪዋ ፈቃድ ከለከላት። ከዚያ ባቡር ዘገየና 40 ደቂቃ አረፈደች። ቪዚቱ ተሰርዞ ጠበቃት። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን አጭር ነው። "እናት አልተገኘችም።" ስለ ወዳጇ ምክር፣ ስለ አሠሪዋና ስለ ባቡሩ የሚናገር መስመር የለም።

ስለ ጉዳዩ ለማንም አልነገረችም። ቤተ ክርስቲያን "ልጁስ?" ሲሏት "አክስቱ ጋ ነው" አለች። በኋላ መሄዱንም ተወችው። ጉዳይዋን የምትከታተለው የኤጀንሲው ሠራተኛ፣ ኬዝ ወርከሯ፣ "ልጁን ሊወስድ የሚችል ዘመድ አለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። አፍራ "የለኝም" አለች። ቨርጂኒያ ወንድም አላት። የቤት ኪራይ ጨመረባትና ወደ ሌላ ሰፈር ገባች። ስልኳ ተዘጋ፣ ሌላ አወጣች። አዲሱን ቁጥር ለኤጀንሲው አልሰጠችም። የመጡ ደብዳቤዎች ለድሮው አድራሻ ተላኩ።

ይህች ሴት ልጇን አንድ ሌሊትም አልረሳችም። በሕግ ዓይን ግን መዝገቡ እየሞላ ነው። በኒውዮርክ ለ6 ወር ከልጁም ከኤጀንሲውም ጋር ምንም ግንኙነት ያላደረገ ወላጅ ልጁን ጥሏል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ይህ ከዘላቂ ቸልተኝነት የተለየና ይበልጥ ፈጣን መንገድ ነው። አልፎ አልፎ ብቅ ማለትም አያድንም። ሕጉ ኢምንት የሆነ ወይም እጅግ የተራራቀ ግንኙነትን እንደ ግንኙነት አይቆጥረውም። ጥሩ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃም በግልጽ ተጽፏል። ዳኛው የሚያየው ዕቅዱ የሚሠራ መሆኑን ነው። ኮርሱን ጨርሶ ሰርተፊኬት ማምጣትም ሁልጊዜ አይበቃም። ፍርድ ቤቶች "ልጁ የተወሰደበት ችግር ተቀርፏል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። "እኔ ምንም አላጠፋሁም" እያለ ኮርሱን የሚጨርስ ወላጅ እዚህ ላይ ይወድቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እኛ በችግር ጊዜ የምናደርጋቸው ነገሮች በሙሉ እዚያ ችሎት ውስጥ ሌላ ትርጉም ይሰጣቸዋል። ገመና መሸፈን "ትብብር የለም" ይባላል። በትዕግሥት መጠበቅ "ዕቅድ የለም" ይባላል። ባለሥልጣን ፊት አንገት ደፍቶ ዝም ማለት "ለልጇ ግድ የላትም" ሊባል ይችላል። ማንም ክፉ አስቦ ላይጽፈው ይችላል። ኬዝ ወርከሯ ያየችውን ነው የጻፈችው። ያላየችውን የሚነግራት ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ኤጀንሲው ግዴታ ልመለስ። የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1984 አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ። ወላጁ ቸልተኛ ነው ወይስ አይደለም ከመባሉ በፊት፣ ኤጀንሲው ራሱ በትጋት መጣሩን ማስረዳት አለበት አለ። ትጋት ማለት ወላጁን አማክሮ ዕቅድ ማውጣት ነው። ወላጁ ሊደርስበት የሚችል የቪዚት ሰዓት ማመቻቸት ነው። የሚያስፈልገውን አገልግሎት ማቅረብ ነው። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጥቶ "ደውዪ" ማለት በቂ አይደለም። ሌሊት የምትሠራ እናት ለምን ረቡዕ ከሰዓት ብቻ ተቀጠረች? ኮርሱ በምን ቋንቋ ነበር? አማርኛ ብቻ የምትናገር ሴት እንግሊዝኛ ኮርስ ውስጥ 12 ሳምንት ብትቀመጥ ምን ይዛ ትወጣለች? እነዚህ ጥያቄዎች በጊዜያቸው በጠበቃ ከተነሡና መዝገብ ላይ ከሰፈሩ ክሱን ሊጥሉት ይችላሉ። ካልተነሡ ግን ዳኛው ከየት ያመጣቸዋል?

አስተርጓሚ የማግኘት ነገር ልመና አይደለም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በቋንቋው ምክንያት እንዳያገልል የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ያስገድዳል። የኒውዮርክ ፍርድ ቤቶችም አስተርጓሚ በነፃ ይመድባሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የቋንቋ ሕግ አውጥታለች። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። "እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ" ማለት ግን ትልቅ አደጋ አለው። ታክሲ ለመያዝ የሚበቃ እንግሊዝኛ ለዚህ ችሎት አይበቃም። ልጅን ወይም የቤተሰብ ወዳጅን ማስተርጎምም አይሆንም።

ስለ ጠበቃ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 ሕገ መንግሥቱ በእያንዳንዱ የወላጅነት መብት ማቋረጫ ጉዳይ ላይ ለደሃ ወላጅ መንግሥት ጠበቃ እንዲመድብ አያስገድድም ብሎ ወስኗል። እንደኔ ግምት የተሳሳተ ውሳኔ ነው። ሌባ እንኳ ሁለት ወር ሊታሰር ሲል ጠበቃ ይቆምለታል። ደግነቱ ኒውዮርክን ጨምሮ አብዛኛው ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ ለደሃ ወላጅ ጠበቃ ይሰጣል። ጠበቃውን መጠየቅ ያለባችሁ ደግሞ ልጁ በተወሰደበት ሳምንት ነው። መብቱ ሊቋረጥ ክስ ሲቀርብ የሚቆጠሩት ወራት አልፈዋል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1982፣ ያው ፍርድ ቤት ለወላጆች የሚጠቅም ነገር ወሰነ። ሳንቶስኪ እና ክሬመር ተብሎ የሚታወቀው ጉዳይ ነው። የተነሣውም ከዚሁ ከኒውዮርክ የዘላቂ ቸልተኝነት ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ኤጀንሲው ሚዛኑን ትንሽ ከደፋ ያሸንፍ ነበር። 51 ለ49 እንደማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ "ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ" ያስፈልጋል አለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ብላክመን፣ ወላጆች ፍጹም ባለመሆናቸው ወይም ልጃቸው ለጊዜው በመንግሥት እጅ በመግባቱ ብቻ የወላጅነት መብታቸው አይተንም ብለዋል። ለአሜሪካ ነባር ተወላጆች ልጆች ደግሞ በ1978 የወጣ የተለየ ሕግ አለ። እዚያ የሚጠየቀው የማስረጃ ልክ ለወንጀል ፍርድ እንደሚጠየቀው ከፍ ያለ ነው።

ዳኛው ቸልተኝነት አለ ቢል እንኳ ሁሉም ነገር በዚያ ሰዓት አያበቃም። ሁለተኛ ችሎት አለ። እዚያ የሚጠየቀው ለልጁ የሚበጀው ምንድን ነው የሚለው ነው። ዳኛው ፍርዱን እስከ 1 ዓመት አግዶ ለወላጁ የመጨረሻ ዕድል ሊሰጥ ይችላል። ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 30 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ቀን ከችሎት ወጥቶ ቤት ገብቶ ማልቀስ ብቻ ያስቀጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ የዘመድ ጉዳይ ነው። የ1997ቱ ሕግ ለ15 ወሩ ግዴታ ሦስት ቀዳዳ ትቷል። አንዱ ኤጀንሲው አስፈላጊውን አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ሁለተኛው ክሱ ለልጁ እንደማይበጅ አሳማኝ ምክንያት ሲመዘገብ ነው። ሦስተኛው ልጁ ዘመድ ጋር ሲሆን ነው። ልጁ ቨርጂኒያ ያለው አጎቱ ጋ ቢሆን ኖሮ ኤጀንሲው ክስ የመመሥረት ግዴታ አይኖርበትም ነበር። ክፍለ ግዛት መሻገሩ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይቻላል። በኒውዮርክ ዘመድ ሞግዚት ሆኖ ድጎማ እየተከፈለው፣ የእናቲቱ መብትም ሳይቋረጥ ልጁን የሚያሳድግበት መንገድ ከ2011 ጀምሮ አለ። በ2023 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ለዘመዶች ከባዕድ ቀለል ያለ የፈቃድ መስፈርት እንዲወጣ ፈቀደ። አንድ መኝታ ክፍል አነሰ ተብሎ አያት እንዳትከለከል ነው።

እኛ ዕድር ያለን ሕዝብ ነን። ለቅሶ ሲሆን አዳራሽ እንሞላለን። ልጅ ሲወሰድ ግን የሚመጣ የለም፣ ምክንያቱም ማንም አልሰማም። የሰማም "የሰው ገመና ውስጥ ምን አስገባኝ" ይላል። ወይም ስለ መኖሪያ ወረቀቱ ይፈራል። በሚኒሶታ በ2024 የጥቁር ቤተሰቦችን መበተን ለመቀነስ የወጣ ሕግ አለ። ከአፍሪካ የመጡ ቤተሰቦችንም ይነካል። ኤጀንሲው ልጅን ከማውጣቱ በፊት የተለየ ጥረት እንዲያደርግ፣ ዘመድ እንዲፈልግም ይጠይቃል። የሚፈለገው ዘመድ ግን ሲጠየቅ "አለሁ" ማለት አለበት።

አንድ ብዙ የማይነገር ነገር ልጨምር። ልጁ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነና ፍርድ ቤት ሞግዚት ሊሾምለት ከሆነ፣ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የአገሩ ቆንስላ ሊነገረው ይገባል። ይህ አገር ቤት ያሉ ዘመዶችን ለማግኘት ሊረዳ ይችላል። ጥገኝነት የጠየቀ ወላጅ ግን ይህን አስቀድሞ ከጠበቃው ጋር ይነጋገርበት።

መብቱ ሲቋረጥ የሚሆነው ነገር ለእኛ ለመረዳት ይከብዳል። የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንዳለ ይቆያል ብሏል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጋጩ የሚበልጠው ያሳደገው ነው፤ የወለደው ግን አይፋቅም። በኒውዮርክ ግን ይህ ክር ይበጠሳል። በ2012 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ተከራክሮ የተሸነፈ ወላጅ ከዚያ በኋላ ልጁን እንዲያይ ዳኛ ማዘዝ አይችልም ብሎ ወሰነ። ዳኛው ለልጁ ይጠቅመዋል ብሎ ቢያምን እንኳ። ይህን ለመቀየር የወጣ ረቂቅ በምክር ቤቱ አልፎ ነበር። በ2019 አገረ ገዥ ኩዎሞ ሳይፈርሙበት ውድቅ አደረጉት። ሳይከራከር በፈቃዱ መብቱን የሚለቅ ወላጅ ግን ደብዳቤና ጉብኝት በውል ሊያስገባ ይችላል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ይፈርማሉ። ልጅን በሕይወት ለማየት ሲባል እናትነትን መፈረም ምን ያህል እንደሚከብድ የፈረመው ብቻ ያውቃል። ረቂቁ እንደገና መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ። ልጁን የሚጎዳ ግንኙነት ከሆነ ዳኛው ይከልክለው። የሚጠቅመውን ግን ለምን ሕጉ አስቀድሞ ይዘጋዋል?

ከተቋረጠ በኋላ የሚያሳድጋቸው ያጡ ልጆችም አሉ። በሕግ እናት የላቸውም፣ አዲስ እናትም አልመጣችም። በመላ አገሪቱ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች እንዲሁ ሆነው ከፎስተር ኬር በዕድሜ ይወጣሉ። ኒውዮርክ ይህን አይታ በ2010 የተቋረጠ መብት የሚመለስበት ሕግ አወጣች። ልጁ 14 ዓመት ከሞላው፣ ከፍርዱ 2 ዓመት ካለፈ፣ በጉዲፈቻ ካልተወሰደና እሱም ወላጁም ከተስማሙ፣ ዳኛው መብቱን ሊመልስ ይችላል። ማመልከቻውን የልጁ ጠበቃ፣ ኤጀንሲው ወይም ወላጁ ሊያቀርቡት ይችላሉ። የብሮንክሷ እናት ልጅ የዛሬ ስድስት ዓመት 14 ይሞላዋል። ጠበቃው ያን ጊዜ የሚፈልጋት መዝገብ ላይ ባለው አድራሻ ነው። እዚያ ያለው ግን አሁንም የድሮው ቤቷ ነው።